«ደህና ናት» ያለው ሳጥን

ባሕር ዳር፣ ሰኔ ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአንዳርጋቸው፣ ኪየቭ። የናፍቆት ሰላምታዬ በዚያ በብርድ አገር ይድረስህ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እዚህ ክረምቱ ገብቷል፤ እኔ ተመስገን ደህና ነኝ።

በምሠራበት ክሊኒክ አጥኚዎች ኮምፒዩተር አምጥተው የእናቶችን ሐዘን ሲመረምሩ ሰነበቱ። ጥያቄውን እያነበብሁ መልሱን የምጫነው እኔ ነበርሁ። የእማዬ ተራ ደረሰና «መኖር ያስጠላሻል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የታናሽሽ መርዶ ከግንባር ከመጣ ወዲህ ምን መኖር አለ፣ ልጄ?» አለችኝ።

ከኋላዋ የተሰለፉት ጎረቤቶቻችን ይሰሙ ነበር። አፈርሁና «አይ» የሚለውን ተጫንሁ። ኮምፒዩተሩም ደህና ናት አለ።

አሁን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስላት ትስቅብኛለች። «ሳጥኑ ደህና ነሽ ብሎኛል፤ አንቺ ከሳጥኑ ልትበልጪ ነው?» ትላለች።

የክት ቀሚሷን ለጎረቤታችን ለወለተ ጊዮርጊስ ሰጠቻት። ሲመሻሽ ብቻዋን ወደ ሐይቁ ትወርዳለች። እኔም ልብስ የማጥበው እዚያው ሆኗል። «ቧንቧው ደጃፍሽ ላይ እያለ ምን አመጣሽ?» ትለኛለች።

አንተን ትሰማለች። በመስከረም እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ ብለህ ጻፍላት። መምጣቱ ባይሆንልህም እንኳ፣ ጠብቂኝ በላት።

የጣና ደሴቶች ታቦታት ካለህበት ይጠብቁህ።

እህትህ ሸዋዬ