የሸራው መሀል

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ብርድ። ቀለሙ እንኳ ጣሳው ውስጥ ረግቶ አደረ። ሥዕል ቤቱ ወለል ላይ ተኮልኩለን ሻይ ስንጠጣ አረፈድን። የኤልሲ ውሻ ነጩን ቀለም ረግጦ ሸራዬ ላይ ተራመደበት።

"ተይው፣ ናካማራ" አለች ኤልሲ። "ከአንቺ ነጠብጣብ የእሱ ይሻላል።"

የዚች አሮጊት አፍ መቼም አያርፍ። ጠርጌ ቀጠልኩ።

ከሰዓት የሥዕል ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ፍሬያ ከቢሮዋ ወጣች። ሜልቦርን ላለው ኤግዚቢሽን አንድ ትልቅ ሸራ ይፈለጋል፤ ሁለት ሜትር በሦስት። የጭነት መኪናው በ19 ይመጣል። "ማን ይሠራዋል?" ስትል እጄን አወጣሁ። ሳላስብ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ።

ምን ልሠራ ነው? በጥንት ዘመን ምድራችንን ያቋረጡትን ሁለቱን ሴቶች ነዋ። የአባቴ አገር ታሪክ፣ የእኔም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ዳር ዳሩን ነው... የሄዱበትን መንገድ፣ የቆፈሩትን የዱር ሽንኩርት፣ ያደሩበትን። መሀሉን፣ ውሃው ጋ የሆነውን፣ አንድም ቀን አልነካሁም።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

ሸራው ተዘረጋ። ጥቁር ቀባሁት። እስኪደርቅ አሥር ጊዜ ተነሳሁ፣ አሥር ጊዜ ተቀመጥኩ።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

መሀሉን ሠራሁት!

አባቴ (የሞተ ሰው ስም አይጠራም፣ እዚህም አልጽፈውም) የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አሳይቶኛል። ሥጋው እስኪበስል ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነበር። አሸዋው ላይ በጣቱ ሳለው። "አየሽ?" አለኝ። "አየሁ።" በመዳፉ ጠረገው። በቃ። ሁለተኛ አላነሳውም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዛሬ ብሩሹን ሳነሳ ግን እጄ ራሱ ሄደ... አንዴም አላቆምኩም። ምሳ አልበላሁም። እንዲህ ዓይነት ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ራሴን ማሞገሴ አይደለም፤ እውነቱ ነው።

ፍሬያ አይታው ዓይኗ እንባ ሞላ። ፎቶ አንስታ እዚያው በቆመችበት ለጋለሪው ላከች። አምስት ደቂቃ ሳይቆይ መለሱ፦ የካታሎጉ ሽፋን ይሁን!

ኤልሲ መጣች፣ አየች። ዝም። ኤልሲ ዝም! ውሻዋን ታቅፋ በሩ ጋ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

ቀንታ ነው? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ታዲያ ይኼ እግሬን የሚያቅበጠብጠው ምንድን ነው?

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ኳስ ሜዳ ዋልኩ። ማን እንዳሸነፈ አላውቅም።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ለአክስቴ በስልክ አሳየኋት። የአባቴ እህት ናት፤ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ለእጥበቱ ብላ ከተማ ቀርታለች።

"አክስቴ፣ እዪልኝማ" ብዬ ካሜራውን ወደ ሸራው አዞርኩላት። ቀርባ አየች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጣሪያ ብቻ። ስልኩን ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች። ድምፅዋ ከሩቅ መጣ።

"ናፓንጋርዲ አይታዋለች?"

"አላየችም።"

"ታዲያ ለእኔ ምን ታሳዪኛለሽ?"

ዘጋችው።

አውቃለሁ። እንዴት አላውቅም? ናፓንጋርዲ የአክስቴ ልጅ ናት። እኔ የታሪኩ ባለቤት ነኝ፣ በአባቴ በኩል። እሷ ጠባቂው ናት፣ በእናቷ በኩል። እኔ እስላለሁ፤ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ታያለች፤ "ሂጂ" ወይ "ተይ" ትላለች። ከኛ በፊትም እንዲሁ ነበር። ዳር ዳሩ ዱሮ የተፈቀደ ስለሆነ ማንም አይጠይቀኝም። መሀሉ ግን...

ከናፓንጋርዲ ጋር ከተነጋገርን ሁለት ዓመት አለፈን። ባሏ ሲሞት ሜልቦርን ነበርኩ። ሥዕሌ ተሰቅሎ፣ የወይን ብርጭቆ ይዤ፣ ለማላውቀው ሰው ሁሉ እየሳቅኩ። ነግረውኛል፤ ግን አምስት ቀን ቆየሁ። ከተመለስኩም በኋላ ለቅሶ አልደረስኩም። መጀመሪያ "ሥራ በዛብኝ" አልኩ። ቀጥሎ አፈርኩ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። አሁን በምን ዓይኔ ሄጄ ሸራ እዪልኝ እላታለሁ?

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ፍሬያን ሥዕሉን አቆዪው አልኳት።

"ምኑ ነው የተሳሳተው?"

"አላውቅም።"

"ናካማራ፣ ካላወቅሽ ምን ብዬ ላቁመው? ካታሎጉ እኮ ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል።"

ክፉ ሰው አይደለችም። እኔስ ምን ነክቶኝ ነው ፎቶውን ስትልክ ዝም ያልኩት? ከአፍ ከወጣ አፋፍ...

ቀኑን ሙሉ ሸራውን ስዞረው ዋልኩ። የት ተሳሳትኩ? ግራና ቀኙን አቀያየርኩት? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ያስታውሳል! ተሳስቼ ከሆነ ልጆቻችን ስህተቱን ተምረው ነው የሚያድጉት። የአባቴን አገር አበላሸሁት ማለት ነው።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ሄድኩ። መቶ አርባ ኪሎ ሜትር፣ በኤልሲ ልጅ ላንድክሩዘር። ኤልሲ ሳልጋብዛት ገባች፤ ውሻውም።

እኩሌታው ላይ "አቁሚ" አለች። "ፀጉርሽን አጎፍረሽ ልትገቢ ነው? ለሠርግ ነው የምትሄጂው?"

የሸራ መቁረጫውን መቀስ ከቦርሳዋ አወጣች። አስባበት ኖሯል! መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ከረከመችኝ። እንደ ለቅሶ ወጋችን ነጭ አፈር በጥብጣ ግንባሬንና ደረቴን ቀባችኝ። "አሁን ሰው መሰልሽ" አለች።

ከናፓንጋርዲ ቤት ራቅ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወጣች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች። ፀሐይዋ ዛፉን አልፋ ወዲያ ማዶ ሄደች። አልተነሳሁም። እኔ፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ ማለት የማልችለው!

በመጨረሻ እየጮኸች መጣችና ላዬ ላይ ወደቀች። አብረን ጮኽን። ጀርባዬን በጡጫዋ ትደልቀዋለች።

"የት ነበርሽ? የት ነበርሽ አንቺ?"

"ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ነበር" አልኳት። ይበልጥ ደለቀችኝ። ደግ አደረገች።

ስለ ሸራው ትንፍሽ አላልኩም። እዚያው አደርን።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ጠዋት ከካንጋሮ ጅራቱ ቆርሳ ሰጠችኝ። ሳታየኝ፣

"ሸራ ነው ያመጣሽ ወይስ ባሌ?"

"ሁለቱም።"

"እንኳን አልዋሸሽ። ሰው ደውሎ ነግሮኛል።" ኤልሲ ውሻዋን ማከክ ጀመረች።

አብራን መጣች። ሥዕል ቤቱ ስንደርስ ሰዉን ሁሉ አስወጣች፤ ፍሬያንም ጭምር። አንዴ ዞረችው። ተቀመጠች።

"ማን አሳየሽ?"

"አባቴ። አሸዋ ላይ።"

"ስህተት የለውም።"

ትንፋሼን ለቀቅኩ።

"ምን እፎይ ትያለሽ?" አለችኝ። "ጣጣው እሱ ነው እኮ። አንዲት ስህተት የለውም። ውሃው ጋ የሆነው ልክ እንዲህ ነው፣ ሙሉው፣ ራቁቱን። አጎቴ ለምን አሸዋ ላይ የሳለልሽ ይመስልሻል? ሸራ አጥቶ? ቤቱ ሸራ በሸራ ነበር።"

ሳምንቱን ሙሉ የፈራሁት መሳሳቴን ነው። ልክ መሆኔ ያስፈርድብኛል ብዬ ለሰከንድ እንኳ አላሰብኩም። አባቴ መዳፉን አሸዋው ላይ ሲያሳልፍ ዝም ብሎ የሚያጸዳ ነበር የመሰለኝ። ያም የትምህርቱ ክፍል ነበር ለካ፤ መሀሉ ለማንም ተሰቅሎ የሚታይ አይደለም... እኔ ግማሹን ብቻ ነው የተማርኩት።

ፍሬያን ጠራናት። ናፓንጋርዲ ጠየቀቻት፦

"ፎቶውን ስንት ሰው አየው?"

"የጋለሪው ሰዎች... አምስት።"

"አምስት ይበቃል። መሀሉ ይሸፈናል።"

ፍሬያ ፊቷ አመድ መሰለ። እኛ ፊት ስልኳ ላይ ያለውን ደመሰሰች። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወለች፤ እነሱን ስትጨርስ ጋለሪውን። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቀች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ። እንዲህ ትሟገትልኛለች ብዬ አልጠበቅኩም። ሽፋኑ ቀረ፤ ፎቶውንም ሊያጠፉት ቃል ገቡ። ግን የወደዱት መሀሉን ነበር። መሀሉ ከተሸፈነ ሸራውን ላይፈልጉት ይችላሉ።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ጣሳውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። አልቻልኩም።

"ቆርጠን መሀሉን እናስቀምጠው" አልኳት ናፓንጋርዲን።

"ለማን?"

"ለእኔ።"

"አንቺማ ታውቂዋለሽ።"

ተናደድኩባት። ልክ ስለሆነች።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ሸፈንኩት። ነጭ በቢጫ ላይ፣ ቢጫ በነጭ ላይ፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ። ናፓንጋርዲ አጠገቤ ተቀምጣ፦ "እዚህ ጋ አሁንም ይታያል። ወፈር አድርጊው። አትስገብገቢ።" በኋላ ራሷም ቀለም መንከሪያ እንጨት አንስታ ገባችበት። ጠባቂ ስለሆነች ይፈቀድላታል።

አለቀስኩ። ለአገር ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ነገር በገዛ እጄ ሥር እየጠፋ ነበር። ያንን የሚያይልኝ ሰው እፈልግ ነበር... ያ ሁሉ ሰው፣ ሜልቦርን።

"ሆድ ይፍጀው" አለች ኤልሲ ከበሩ። ቀልድ አልጨመረችበትም።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ጋለሪው መለሰ። ይወስዱታል፤ ግን የሚሰቀለው ከኋላ ክፍል ነው። ከኋላ ክፍል! እንደ ልጅ አኮረፍኩ። ናፓንጋርዲ ስቃ "ግድግዳ ያው ግድግዳ ነው" አለችኝ። እስኪወጣልኝ ሰደብኳት። እሷም መለሰችልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የናፈቀኝ ይኼ ነበር።

ሐምሌ 19፣ ዓርብ

መኪናው መጣ። ሸራው ተጠቅልሎ ሄደ። ቤት ገብቼ ተኛሁ፤ በጠራራ ፀሐይ።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ከናፓንጋርዲ ጋር ከተማ ሄድን። አክስቴ እጥበቱ ላይ ነበረች፤ ክንዷ ከማሽኑ ጋር ታስሮ። የተሸፈነውን ሸራ ፎቶ ፍሬያ በወረቀት አትማልኝ ስለነበር ሰጠኋት።

ወረቀቱን ሆዷ ላይ ዘርግታ ጣቷን አስኬደች። በመንገዱ፣ በሽንኩርቱ... ነጩ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። እዚያ የሚታይ ምንም የለም። ጣቷ ግን ልክ ቦታው ላይ ነበር።

"መጋረጃውን ሳቢው" አለች።

ሳብኩት። ቀስ ብላ መዝፈን ጀመረች፤ ከመጋረጃው ውጭ በማይሰማ ድምፅ። ናፓንጋርዲ ገባችበት። የመንገዱን ዜማ ስለማውቀው እኔም ገባሁ። ውሃው ጋ ሲደርሱ ግን... አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቃሉን አላውቀውም። ሰምቼው አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሀሉን ይዤ የዞርኩ ይመስለኝ ነበር።

አክስቴ አቆመች። አየችኝ፤ ከተከረከመው ፀጉሬ እስከ ጉልበቴ።

"አባትሽ የቀረውን ለእኛ ነው የተወው" አለች። "ብቻሽን ብትመጪ አልሰጥሽም ነበር። በይ፣ ከእኔ በኋላ።"

ሁለተኛው ቃል ላይ ተሳሳትኩ። ናፓንጋርዲ ክንዴን በጥፊ አለችኝ።

"ከመጀመሪያው" አለች አክስቴ።

ማሽኑ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። ወንበሬን አስጠጋሁ።