የሚስ ኖራ ቁራሽ ዳቦ

ረቡዕ፣ ማርች 12፣ አሌክሳንድሪያ

ዛሬም የምንከባከባቸውን ሚስ ኖራን በዊልቸር እየገፋሁ ወደ መቃብር ቦታው ወሰድኳቸው። ድሮ አየርላንድ ውስጥ ድንቹ በስብሶ ሕዝቡ ሲረግፍ፣ ቅድመ አያታቸው ከእህቷ ጋር በመርከብ ውቅያኖስ አቋርጣ ወደዚህ አገር አምልጣ መጣች። እህትየዋ ግን ረሀቡ ጎድቷት ኖሮ፣ እዚሁ አሁን መቃብር በሆነው ሣር ላይ ወድቃ ቀረች ይላሉ።

ከቤት ስንወጣ እንደ ልማዳቸው ቁራሽ ዳቦ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተቱ። «የተራበ ሰው የሞተበትን ሣር ባዶ እጅ አይረግጡትም፤ ረሀቡ ይይዛል» አሉኝ። ረመዳን ነው፣ ጾመኛ ነኝ ብላቸው፣ «ላንቺ መች ሆነና! ለወደቀችው ነው» አሉኝ።

አልሳቅኩም። እናቴም ከሰባ ሰባቱ ረሀብ ወዲህ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቆሎ ሳትቋጥር ወሎ ውስጥ መንገድ ወጥታ አታውቅም።

ሣሩን ስረግጥ ድንገት ራበኝ። የጾምን ረሀብ አውቀዋለሁ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ይሄኛው ሆዴን በእጁ ጨምድዶ ያዘኝ። ሚስ ኖራ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «አገኘችሽ?» አሉ።

ቤት ገብቼ በቴምር አፈጠርኩ። ከዚያ ኮቴን ልሰቅል ኪሴን ብዳብስ ፍርፋሪ ብቻ!

ልጄ፣ «ማሚ፣ ረስተሽ በልተሽዋል፤ ኢትስ ኦኬይ» አለችኝ። ልክ ናት፤ ረስቶ የበላ ጾሙ አይፈርስም። ግን ቴምሩን ስጎርስ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ዳቦ የበላ አፍ እንደዚያ አይደርቅም።

ነገ ቆሎም እጨምራለሁ። የኛዎቹ በወደቁበት ሣር ላይስ፣ ማን ምን ይዞላቸው ያልፍ ይሆን?