የመርከቡ እራት

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 7፣ 2022

ደወሉ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍተው ዛሬ! የመርከቡ ሰዎች ናቸው። ረስተውናል ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ቢረሱን ይሻለኝ ነበር። የዳቦው መኪና ደጅ ቆሟል፣ አንድ እጄ ፍርግርጉ ላይ፣ በሌላው ስልክ። ሴትዮዋ ፍልቅልቅ ባለ ድምፅ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ መርከቡ ሊነሳ ነው ትለኛለች።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ምናልባት ልቤ ይረጋ ይሆናል። ኮሮና ሊገባ ሲል የለስላሳ አከፋፋዩ ለእኛ ለስፓዛ፣ ለመንደር ሱቅ፣ ባለቤቶች ዕጣ አወጣና ለባሌ ለተሻለ ደረሰው። በዕድሜው ዕጣ ወጥቶለት አያውቅም። ከደርባን ተነስቶ ባሕር ላይ ዞሮ የሚመለስ መርከብ፣ ለሁለት ሰው። ሌላ አገር ስለማይቆም የጥገኝነት ወረቀታችን ችግር የለውም ተባልን። ከዚያ አገር ምድሩ ተዘጋ፣ መርከቡም ቀረ። ባለፈው ጁላይ ደግሞ ተሻለ ሞተ።

ይህን አልነገርኳትም። እሷም ቀጠለች። ዋናው መመገቢያ አዳራሽ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ለአንድ ምሽት ግን ከልዩ ምግብ ቤቶቹ አንዱን መምረጥ ትችላላችሁ፤ ዓርብ እደውላለሁ። ሥጋ፣ ዓሳ፣ ወይስ ጃፓን? የሁለተኛውን ሰው ስምም ያኔ ታረጋግጪልኛለሽ አለችኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ዳቦ ተረከብኩ፣ ምን ያህል እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

ማክሰኞ፣ 8

የመርከቡ ማስታወቂያ ወረቀት አሁንም ፍሪጁ ላይ ነው። እሱ የለጠፈው። የሦስቱም ምግብ ቤቶች ፎቶ አለበት። ሥጋው ላይ የጣቱ ቅባት አለ፣ ስንቴ እንደጠቆመበት እግዜር ይወቀው።

ሁሉም በተዘጋበት ጊዜ ጨዋታችን ይኸው ነበር። ሲጋራ መሸጥ ተከልክሏል፣ ገበያው ሞቷል፣ እኔና እሱ እዚህ ጻካኔ ሰፈር የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለን የመርከብ እራት እናማርጣለን። እኔ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ነው ያደግሁት፤ ዓሳ ብያለሁ፣ አበቃ። እሱ የሆሳዕና ሰው። "ጾም የሌለው ጴንጤ ዓሳ ምን ያደርግለታል?" ይለኛል። ለዓሳ ለዓሳማ እዚያው ሐዋሳ ትቀሪ አልነበር? ይለኛል። ጃፓኑ ጋ አብሳዩ ፊትህ ቆሞ ቢላ እየወረወረ ነው አሉ የሚያበስለው። ቢላ እዚህ በዘራፊ እጅ ያየነው ይበቃናል ብለን ተውነው። የተስማማነው በእሱ ብቻ ነው።

ተሻለ ተረትቶ አያውቅም። በምንም ነገር። አንድ ቀን የተሳሳተ ታክሲ አሳፍሮኝ ሌላ ሰፈር ወርደን እንኳ፣ መንገዱን ቀይረውታል ብሎ ድርቅ አለ።

የዛሬ ውሎ፦ እንቁላል አስገባሁ። የምሸጠው ኤርታይም፣ የስልክ ካርዱ፣ አለቀብኝ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ወረቀቱን ልቀደው ተነሳሁና ተቀመጥኩ። እንደገና ተነሳሁ። አልቀደድኩትም።

ረቡዕ፣ 9

ጋሽ ኤርጫፎ፣ የተሻለ ታላቅ ወንድም፣ ከሚኖሩበት ሰፈር ከቶኮዛ ደወሉ። እኔ ደግሞ መደበቅ አልችልበትም፣ የመርከቡን ነገር ነገርኳቸው። ከዚያ ጀመሩ። ዓመት እንኳ ሳይሞላው መርከብ ምንድን ነው? እናታችን አገር ቤት ብትሰማስ? ሰውስ ምን ይላል? ነገ መጥቼ እንነጋገራለን ብለው ዘጉት።

ተናደድኩ። የትኛው ሰው? ሲሞት እኮ ሰው አልነበረም! ለቅሶ የተደረሰልኝ በስልክ ነው። ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች መቃብር አወረዱት፣ ፊቱን እንኳ ሳላየው። ጋሽ ኤርጫፎ ራሳቸው ያኔ ታመው ተኝተው ነበር። እጄን ይዛ የቆመችው ጎጎ ናት። ጎጎ ዙሉ ናት፣ ሱቃችን የቆመበት ግቢ ባለቤት፤ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያታችን፣ ይላታል። ተሻለ ትንፋሽ ያጠረው ዕለት መኪና ለምና ሆስፒታል ያደረሰችው እሷ ናት።

ንዴቴ ሲበርድ ግን ራሴን ጠየቅሁ። መሄድ እፈልጋለሁ? ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ብቻዬን ተቀምጬ ዓሳ ልበላ? አልሄድም ለማለት ደግሞ ምክንያቱን መናገር አለብኝ። ሞቷል የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ተናግሬው አላውቅም። ለደንበኞቼም ጎጎ ናት የነገረችልኝ። የለም ብዬ ስሙን ማሰረዝ አልችልም። ብችልም ባልችልም ዓርብ አይቀርም።

ሐሙስ፣ 10

ጋሽ ኤርጫፎ መጡ። የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አወረዱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊገሥጹኝ ተዘጋጅተው ነው የመጡት፣ ያስታውቃል። ዓይናቸው ፍሪጁ ላይ ያለው ወረቀት ላይ አረፈና እሱ የትኛውን ነበር የሚለው አሉኝ። ሥጋውን አልኩ። ሳቁ! ልጅ ሆኖ የጎረቤት ጥጃ የኛ ነው ብሎ ተከራክሮ፣ ጥጃው በራሱ ጊዜ እናቱ ጋ ሲሄድ እያየ፣ አላምንም ብሎ እራቱን ሳይበላ እንዳደረ አጫወቱኝ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ መሰለኝ ያላላኝ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው።

ሆስፒታል መግባት ክልክል ነበር። ነርሷ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዛለት አወራን። ምን እንደምለው ጠፋኝ። እንዲበረታ፣ እንዲቆጣልኝ ብዬ የድሮውን ጨዋታ አነሳሁ፤ ስትወጣ የምንበላው ዓሳ ነው፣ ቁርጥህን እወቅ አልኩት። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ፦

"እሺ፣ ዓሳው ይሁን። አንቺ ያልሽው ይሁን።"

ስልኩን ዘግቼ ለጎጎ አሸነፍኩት አልኳት። ደስ ብሎኝ! ጎጎ አልሳቀችም። ሲነጋ ከሆስፒታል ደወሉ።

"ተሻለ እጁን ሰጠ?" አሉ ጋሽ ኤርጫፎ። አዎ አልኩ። "ተሻለ?" አሉ ደግመው። ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበትና አለቀሱ፣ ያን የሚያህሉ ሰው፣ ደንበኛ ፍርግርጉ ላይ ቆሞ እያየ። እኔም አላባበልኳቸውም፤ አብሬ አለቀስኩ እንጂ።

ሲወጡ ሂጂ አሉኝ። ሰው የሚለውን ለእኔ ተዪው አሉ።

ዓርብ፣ 11

ጠዋት ጎጎን አብረሽኝ ነይ አልኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምኑን መሰለህ፣ ተሼ? ምግቡ ምንድን ነው አለች! ከዓመት በላይ በመስኮቷ ስትሰማን ኖራ። ዓሳ ከሆነ ብቻሽን ሂጂ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እሾህ ስለቅም አልውልም አለችኝ። ቁርጥ አንተን።

ሴትዮዋ ከምሳ በኋላ ደወለች። ስምህን ጠርታ እሱም ይመጣል አይደል ስትለኝ ቃሉ ከአፌ ወጣ። ባሌ ሞቷል። ይኸው ተናገርኩት። ያ ፍልቅልቅ ድምፅ ጠፋ። የእሷም እናት በዚያው በጁላይ ብርድ እንዳረፈች ነገረችኝ። በመልክ የማንተዋወቅ ሁለት ሴቶች በስልክ ተላቀስን። ከዚያ የጎጎን ስም ፊደል በፊደል ሰጠኋት። አፍንጫዋን እየሳበች ምግብ ቤቱስ፣ የቱን ልያዝልሽ አለችኝ።

ምላሴ ላይ የነበረው ዓሳ ነው። ስሟገትለት የኖርኩት፣ አንተም በመጨረሻ የለቀቅህልኝ።

"ሥጋውን" አልኳት።

ቅዳሜ፣ 12

ማረጋገጫው ስልኬ ላይ ገባ። የእኔ ስም አለ፣ የጎጎ ስም አለ። ያንተ የለም። አውቄው ነው፣ ራሴ ነኝ ያስወጣሁት፣ ግን ሳየው ሱቁን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ጎጎ በበኩሏ ለመንደሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። የትኛውን ባርኔጣ ላድርግ እያለች አሁንም ታንኳኳለች። ባሕሩን እፈራዋለሁ። ጠረጴዛውን የባሰ እፈራዋለሁ። አንዴ ከተቀመጥኩ እንደምበላም አላውቅም።

ለምን ሥጋ እንዳልኩ ከጠዋት ጀምሮ ሳስብ ዋልኩ። ለአንተ ስል መስሎኝ ነበር። አይደለም። ዓሳ ብል ኖሮ ተስማማን ማለት ነው፣ ነገሩ አለቀ።

እና ተሼ፣ አንተ ዓሳ ብለህ ሄድክ። እኔ ሥጋ ብያለሁ። ገና አልተስማማንም።