የእትዬ ጥጥ የሕይወት ታሪክ፦ አንድ ጣሪያ፣ ሁለት ክፍል

እናታችን እትዬ ጥጥ ከጫማ ሰፊው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቤታቸው አጠገብ በነበረው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ በጠባይ ያገኙት ውጤት ግን እዚህ እንዳይነበብ ቤተሰቡ ወስኗል።

ከዚያም ፍራሽ ቤት ተቀጥረው ጥጥ መንደፍና ፍራሽ መሙላት ጀመሩ። ፀጉራቸው ላይ ጥጥ ታጥቶ ስለማያውቅ ቅጽል ስሙ በዚያው ጸናባቸው። በ1977 ዓ.ም. ከግንበኛው አባታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። አባታችን መጀመሪያ የመጡት ፍራሽ ሊገዙ ነበር፤ ሲመርጡ ወር ሙሉ ተመላልሰው በመጨረሻ ፍራሹን ትተው ሠሪዋን ይዘው ሄዱ።

ትዳሩ ሞቀ፤ ልጅ ግን አልጸና አለ። እናታችን ሦስት ጊዜ አርግዘው ሦስቱም ወረደባቸው። የአባታችን እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ነገር በሆዳቸው የሚያሳድሩ ሰው አልነበሩም። "ልጄ፣ ዕድሜህ እየሄደ ነው፤ የምትወልድልህ ፈልግ" ይሉ ነበር፤ ያውም እናታችን በሰጧቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው። ሌላ ሴትም አይተውላቸው ነበር። አባታችን እሺም እንቢም ሳይሉ ሥራ አለብኝ ብለው ሹልክ ይላሉ። እናታችን ግን ልጁንም ትዳሩንም ላጣ ነው ብለው ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ሻንጣው በር ላይ ሳለ አባታችን "መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ" ብለው ወሰዷቸው። አያታችንም ጥፋቱ የማን እንደሆነ በገዛ ጆሯቸው ሊሰሙ ተከትለው ሄዱ። ሐኪሙ ከምርመራው በኋላ ወረቀት ላይ ሥዕል ሥለው አስረዱ። ሴት ልጅ በእናቷ ሆድ ሳለች ማሕፀኗ ከሁለት ቱቦዎች ተጋጥሞ ይሠራል፤ መሐል ያለው ግድግዳ ቀስ በቀስ መጥፋት ሲገባው የእናታችን ሳይጠፋ ቀርቷል። ጽንሱ እዚያ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ፣ ሽፋኑ ስስ ስለሆነና ደም በደንብ ስለማይደርሰው መያዝ አቃተው።

ግድግዳ ሲባል አባታችን ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ።

"ዶክተር፣ ጣሪያ የተሸከመ ግድግዳ ነው ወይስ ከፋይ ብቻ?"

ሐኪሙ ሳቁ። "እኔም መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ከውጭ ሲታይ የማሕፀኑ ጣሪያ አንድ ነው። ጣሪያውም ለሁለት የተከፈለ ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር። ይሄ ከፋይ ብቻ ስለሆነ ይነሳል።"

እናታችንን ያስቀየማቸው ሌላ ነው። "የሰው ፍራሽ ሳወፍር ኖሬ የራሴ ሳስቶ ተገኘ?" አሉ።

አያታችን በበኩላቸው የመጡበትን ጉዳይ አልረሱም። "ታዲያ ይሄን ግድግዳ ማን አመጣው?" ሲሉ ጠየቁ።

"ማንም አላመጣው፤ አብሯቸው የተፈጠረ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም" አሉ ሐኪሙ።

አያታችን የሐኪሙን ሥዕል አንስተው ገለባብጠው አዩት። እናታችን ግን አለቀሱ። ያን ሁሉ ዓመት ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብለው ኖረው ነበርና።

ሆድ ሳይከፈት፣ በቀጭን መሣሪያ ከታች ተገብቶ ግድግዳው ተነሳ። አባታችን አብሬ ልግባ ብለው ለምነው ተከልክለዋል። ሐኪሙ ሽፋኑ እስኪያገግም መድኃኒት አዘው ታገሱ አሉ። የመታገሥ ነገር የማይሆንላቸው አያታችን በየሳምንቱ እየመጡ፣ በጎረቤት ፊት፣ "ምራቴ፣ ፍራሹ ደረሰ?" ይሉ ነበር። እናታችን ሲያረግዙም ውሃ የተሞላ ባልዲ እንዳያነሱ ዘብ የቆሙባቸው እሳቸው ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ተወለደች፤ በ1989 ዓ.ም. ወንድሟ ተከተለ።

እናታችን በኋላ የራሳቸውን ፍራሽ ቤት ከፈቱ። ለሠርጋቸው ፍራሽ ሊገዙ የመጡ ሙሽሮች፣ በፍራሽ ልብስ ላይ እናታችን በጠመኔ የሣሉትን ማሕፀን አይተውና ትምህርት ተምረው ይሄዱ ነበር፤ ወንዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ። ጽንስ ወርዶባት ያዘነች ሴት ከመጣች ግን ሱቁ ይዘጋል። "ግድግዳ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይይሽ እንጂ ራስሽን አትርገሚ" ይሏታል። ይዘዋት የሚሄዱም ራሳቸው ነበሩ።

ይህ ጉዳይ በቀብር ላይ አይነበብም ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እናታችን ቀድመው ስለገመቱ፣ "ካልተነበበ አልቀበርም" ብለው ተናዝዘዋል።

እትዬ ጥጥ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በ2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ነርሷ "እማማ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?" ብላ ጠይቃቸው ነበር። "አምስት" አሉ። ነርሷ እኔንና ወንድሜን አየችና ሌሎቹ የት እንዳሉ ጠየቀች። "ቀድመውኝ ሄደዋል" አሏት። እኛ ልጆቻቸው ያን ቀን ነው አምስት መሆናችንን ያወቅነው።

ባለቤታቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ሁለታችንን ትተው ሄደዋል። እኛ ዛሬ እናታችንን ቆመን እንሸኛለን፤ ሦስቱ ደግሞ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩአቸዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ልጆቻቸው ካሉበት ያሳርፍልን።