የወንዙ ዳር ማሳ ወረቀት

ለውድ ወንድሜ ለአያ ደምሌ፣

እንዴት ከርመሃል? የመተማው ሙቀት እንዴት አረገህ? ወባውስ ተወህ ወይ? ውብነሽስ፣ ልጃችሁ ሩትስ ደህና ናቸው? እኛ በእማዬ ጸሎት ቆመን እንሄዳለን፣ ደህና ነን እንዳልልህ ግን ክፉ ወሬ ይዣለሁ። ስልክህ ዝግ ስለሆነብኝ ይህን ለነጋዴው ለጣሰው ሰጥቼዋለሁ። መጀመሪያ ቁጭ በልና አንብብ።

አባዬ ካረፈ ወዲህ አጎታችን ፈንታው የወንዙ ዳር ማሳ የኔ ነው እንዳሉ ታውቃለህ። የአባዬን የመሬት ደብተር አይጥ በልታው ቁጥሩ ያለባት ቁራጭ ብቻ ቀርታልን ነበር። ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀመጡና እኔን ከተማ መዝገብ ቤት ላኩኝ፤ ወረቀቱ ካለ ማሳው የናንተ፣ ከሌለ የፈንታው፣ በስልክ ንገሪን አሉኝ።

መዝገቡ አሁን ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፍሥሐ የሚባለው ሠራተኛ ቁጥሩን ጻፈው፣ ከዚያ ሁሉ ሺህ ወረቀት መሀል የአባዬን አንዷን ብቻ ፈልጎ ያወጣል አለኝ። ወዲያው ነው መልስ የሰጠው፤ ባዶ፣ የለም። ቆይ ደግሜ ልየው ሲለኝ አልሰማሁትም፣ ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ይጠብቁኛል፣ ስልኬም ባትሪዋ አልቆ ልትዘጋብኝ ነው ብዬ ወጥቼ ደወልሁ። የለም አልኋቸው። እኔ ነኝ ያልሁት አያ፣ ሌላ ሰው አይደለም።

ስመለስ ፍሥሐ ራሱን ይዟል። ለካ ማሽኑ ጥያቄውን ይልክና መልሱ እስኪመጣ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። መልሱን ጠብቅ የምትል አንዲት ቃል ለማሽኑ በሚሰጠው ትእዛዝ ላይ መጻፍ ነበረበት፣ እሷን ረስቷት ወረቀቱ ሳይደርስ ባዶውን አሳየን። ቃሏን ጨመራት፣ ትንሽ ቆየና ወጣች፤ የአባዬ ስም፣ የወንዙ ዳር ማሳ፣ ወሰኑ ሁሉ። ብደውል ስልኬ ጠፍታለች። በሰው ስልክ ብሞክር የሽማግሌው የመልአኩ ስልክ አይነሣም። ወረቀቷን ይዤ ያን ሁሉ መንገድ በሩጫ መጣሁ።

ስደርስ ማሳው ለአጎታችን ተፈርዶ አልቋል። እማዬ የመምሬ ቀለመ ወርቅን መስቀል ስማ የማሳውን ነገር ዳግመኛ ላታነሣ ምላለች። ወረቀቷን ሳሳያቸው አጎታችን ሳቁ፤ «ምነው ኮምፒውተርሽ ከእናትሽ አፍ ዘገየሳ?» አሉኝ። መምሬም መሐላውን የምፈታው ሁለቱም ሲስማሙ ነው አሉ፣ አጎታችን እንቢ አሉ። ፍርድ ቤት እንሂድ ብላት እማዬ «መስቀል ስሜ ልካድ? ማሳው ይቅር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ውኃ ስትቀዳ እንኳ ማሳውን ላለማየት በላይኛው መንገድ ነው የምትዞር። ዛሬ የአጎታችን በሬዎች እያረሱት ነው።

አያ፣ አሁን የምፈራው አንተን ነው። ልትመለስበት የነበረ ማሳ እንደሆነ አውቃለሁ። ብትመጣ ዱላም ሌላም ሳትይዝ ና፣ ልጆቻቸው እንዴት እንደሆኑ ታውቃለህ። መሬቱን አጥፍቻለሁ፣ አንተንም አልጣህ። ከተቆጣህ በኔ ተቆጣ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ልጄ ትንሿ ቃልኪዳን እጅህን ትስማለች። ውብነሽን ሰላም በልልኝ፣ ሩትን ዓይኗን ሳምልኝ።

ወረቀቷን ከዚህ ጋር አጥፌያታለሁ፣ ለክስ ብዬ አይደለም። አባዬ ሲመዘገብ የተነሣው ፎቶ አለባት፣ ሌላ ፎቶ የለንም። እማዬ ልታየው አልቻለችም። አንተ ጋ ትቀመጥ።

እህትህ የኔነሽ
ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ማዶ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.