ባለሁለት ጉሮሮው ካርቡራቶርህ

ደምሴዬ፣ የኔ ዓለም፣

አንተ ከሄድህ ስምንት ወር ሆነ። ክረምቱን ጣና ደፍርሶ ከርሞ አሁን ጠርቷል። ጠዋት ጠዋት ውኃው ከሰማዩ አልለይ እያለኝ በረንዳው ላይ ቆሜ እቀራለሁ፤ ሥራ የሚረፍድብኝም በዚህ ነው። የምሠራበት ፋብሪካ ሰዎች አዝነውልኝ ያልፉኛል። ሐዘንም ለካ እንዲህ ያለ ጥቅም አለው።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ እዋሻለሁ። ወንበርህን ወደ ጓዳ አስገባሁት፤ ባዶውን ማየት አቃተኝ። መኪና መንዳቱን ግን በደንብ ለመድሁት። ፍሬን በረገጥሁ ቁጥር በሩን ጨብጠህ ትሳቀቅ የነበርኸው ሰውዬ፣ አሁን ብታየኝ ታፍር ነበር።

የምጽፍልህ ስለ ካርቡራቶሩ ነው። አንድ ነገር አድርጌብሃለሁና ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ስማው።

ቤንዚን እንዲቆጠብ እሑድ መንዳት የተከለከለ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ፊያታችንን ግቢ ውስጥ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙረህ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ መሪውን ይዘህ ትቀመጥ ነበር። እኔ ከጎንህ። በሐይቁ ዳር ዳር ጎርጎራ ድረስ ትወስደኝ ነበር፤ ኩርባው ላይ ሰውነትህን ዘንበል ስታደርግ እኔም አብሬህ ዘንበል እላለሁ። በጨርቅ የጠቀለልኸው ባለሁለት ጉሮሮ ካርቡራቶር ጭኔ ላይ ነው። ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ሞተሩን የሚያጠጣ መሆኑን፣ አሥመራ ለእሽቅድምድም ይነዳ ከነበረ መኪና የተፈታ መሆኑን ስንቴ ነገርኸኝ! እሱ ሲገባላት ትበራለች ትለኝ ነበር። ቀሚሴ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ ብዬ እቆጣህ ነበር እንጂ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ያህል ደስ ያለኝ መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ሕመሙ ሲጠናብህ የንስሐ አባታችን ከደሴቱ ገዳም በጀልባ መጥተው ኑዛዜህን ተቀበሉ። ሁለት ነገር አልህ፤ ጢስ ዓባይ ያሉት እናትህ ብቻቸውን እንዳይቀሩ፣ በየሁለት ሳምንቱ እንድሄድላቸው፤ ደግሞም ትልቁ ካርቡራቶር ለመኪናዋ እንዲገባላት። ኑዛዜ ነውና ማን ይከራከራል? ተዝካርህ እንደ ወጣ መካኒኩን ወዳጅህን ይመርን ጠራሁት።

ይመር ኮፈኑን ከፍቶ አየ። አሮጌው ካርቡራቶር ተበልቶ አልቋል፤ መቀየሩስ ግድ ነው። ትልቁን ሳሳየው ግን ራሱን ነቀነቀ። በከተማ ለምትሄድ ትንሽ ሞተር ይህ ይበዛባታል አለኝ፤ በቀስታ ስትነጂ አየሩ በሰፊው ጉሮሮ ይዝላል፣ ቤንዚኑን በወጉ መሳብ ያቅተዋል፤ እንዲህ ያለው ሁልጊዜ ለሚጋልብ ሞተር ነው። ኑዛዜ መሆኑን ስነግረው ቆቡን አወለቀና ገጠመው። ሁለታችንም የሚስማማትን እያወቅን ቃልህን ፈራን።

አልዋሽህም፣ በዘንዘልማ መንገድ ለአንድ አፍታ በረረች። አለቀስሁ። ከተማ ስገባ ግን ለብስክሌተኛ ቀስ ባልሁ ቁጥር ታስላለች፣ ትንተባተባለች፣ ትጠፋለች። የወር የቤንዚን ኩፖናችን ወሩ ሳይጋመስ አለቀ።

እናትህ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሳልሄድ ቀረሁ። በሦስተኛው እንደምንም ደረስሁ። የእማማ ዓይን እንደ ደከመ ታውቃለህ፤ በመንገዱ የሚመጣውን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። የሞተሩ ድምፅ ወፍሮባቸው ሰው የሚያፍስ የመንግሥት መኪና መሰላቸው፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። ደጁ ላይ ቆሜ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያልሁ ለመንሁ። ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱ። ያን ቀን አንተ ላይ ተናደድሁ፤ የአንድ ወር ኩፖን ሁለቱንም ቃልህን ሊያደርስልህ እንደማይችል እንዴት አጣኸው?

ለንስሐ አባታችን ሁሉንም ነገርኋቸው። ካርቡራቶር ምን እንደሆነ እስኪገባቸው ድረስ ብዙ ደከምሁ። «ልጄ፣ የመኪናውን ነገር እኔ አላውቅ። ኑዛዜ ብዬ የተቀበልሁት የእናቱን ነገር ነው። ያኛው የሰው ምኞት ነው፤ አዳምጨዋለሁ እንጂ አላሰርሁሽበትም። በይ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ።

ስለዚህ ደምሴዬ፣ አስፈታሁት። ይመር ልኩ ከአሮጌው ጋር አንድ የሆነ፣ ባለአንድ ጉሮሮ ትንሽ ካርቡራቶር ፈልጎ ገጠመላት፤ ድምፅዋም አንተ ትነዳት እንደ ነበረው ሆነ። አትበርም። ግን መንገድ ላይ አትጠፋም፤ ኩፖኑም በወር ሁለት ጊዜ ጢስ ዓባይ ያደርሰኛል። ብትቀየመኝ አልፈርድብህም። አንተን የካድሁ የመሰለኝ ቀን ነበር፤ አሁን ግን አይመስለኝም።

አንተንም፣ ያን የእሑድ መንገዳችንንም አልረሳም፤ ይህን ቃል ሳትጠይቀኝ እሰጥሃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ገና ኩርባው ላይ ሳለሁ እማማ ሰምተውኝ ወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ቆሙ። ያንን የበራ ፊት ከሞትህ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። መሞትህን ያውቃሉ፤ ቀብርህ ላይ ቆመው ነበር። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ግን ለእሳቸው የመጣኸው አንተ ነህ። ቤንዚኑ በኩፖን ቢሆንም፣ ደጃቸው ደርሼ ሞተሩን ቶሎ አላጠፋሁም።

ጥሩወርቅህ