ቀለም የቀባኸው አግዳሚ

ሳጃና፣ ካርቱም
ጥቅምት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ በላይነህ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ብቻ ነው። ጤናህን አልጠይቅህም፤ ጁባ ሥራ እንደቀናህ ከሰው ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ ደውዬልህ ድምፄን ስትሰማ ዘግተህብኛል። ወረቀት አይዘጋምና ይኸው ጻፍኩልህ።

አከራያችን ሐጃ ናስራ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ናቸው።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከሥራ ገብቼ ልብስ አጥባለሁ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ግቢው ውስጥ ካለው ራኩባ፣ ከዚያ የእንጨትና የሣር ዳስ ሥር ምንጣፋቸውን ዘርግተው ይሰግዳሉ። ዝናብ አልነበረም፤ ነፋስም የለም። ቋ የሚል ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል ጣሪያው መሬት ላይ ነው። እጄ እስኪደማ እንጨቱን ገለበጥኩ። የተሰበረው የጣሪያው አግዳሚ እንጨት ውስጡ ባዶ ነበር። እነዚያ ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖች ነጫጭ እጮቻቸውን ተሸክመው ይጎርፋሉ፤ ሐጃ በለበሱት ቶብ ላይ፣ በአንገታቸው ላይ ይርመሰመሳሉ። እሳቸው መጮህ እንኳ አልቻሉም።

በማግስቱ የሰፈሩ አናጢ ዑስታ ተውፊቅ ፍርስራሹን ሊያነሣ መጣ። እንጨቱን አገላብጦ አየና፣ «ወንድምሽ አልነገረሽም?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጠርቶኝ አይቼው ነበር እኮ! መስኮታችሁ ላይ የገጠመው ሙከይፍ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ውኃውን እዚህ እንጨት ላይ ያንጠባጥባል። እንጨቱ በስብሷል፤ ጉንዳኑ ውስጡን ቦርቡሮ ቤት ሠርቶበታል። ፍሊት ውጭ የወጣውን ብቻ ነው የሚገድለው። ውኃውን አቁም፣ አግዳሚውን አውርደህ አቃጥል፣ እስከዚያ ሥሩ ሰው አይቀመጥ አልኩት። ‹ያላ፣ ነገ እንጀምራለን› አለኝ። ወላሂ፣ ሌላ ሰው ሠርቶላችኋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

በዚያ «ነገ» ባልከው ቀን ምን እንደሠራህ አስታወስኩ። ከዚያ በፊት ሳምንቱን ሙሉ፣ ሻይ ስንጠጣ ከላይ እንደ ሰጋቱራ ያለ ብናኝ ብርጭቋችን ውስጥ ይወርድ ነበር። «ምንድነው ይሄ?» ስልህ «ሣሩ ነው፣ አርጅቷል» አልከኝ። ሐጃ ጉንዳኑን አይተው ሲጨነቁ «ኢንሻላህ፣ እኔ አለሁ» አልካቸው። በነጋታው ስቱኮና ቡናማ ቀለም ገዝተህ መጣህ። ቀዳዳዎቹን ደፈንክ፤ ቀባህ። መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። ሐጃ ከሥር ቆመው «እጅህ ይባረክ ልጄ» ሲሉህ ከላይ ሆነህ ሳቅክላቸው። በሦስተኛው ቀን ሻንጣህን አንጠልጥለህ ወጣህ።

አግዳሚውን ማውረድ ሦስት አራት ቀን ይፈጅብህ ነበር፤ የጁባው አውቶቡስ ደግሞ አይጠብቅህም። ይገባኛል። መሄድህን አልጠላሁም። «ሥሩ አትቀመጡ» ማለት ግን ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆነህ ብትደውልልኝስ?

ሙከይፉን እኔ አወረድኩት። አግዳሚውን ከዑስታ ተውፊቅ ጋር ሜዳ ላይ አውጥተን አቃጠልነው። የተረፉት ወደ ክፍላችን በር መቃን ዘልቀው ነበር፤ መሄጃቸውን ተከትዬ ቀዳዳቸውን አገኘሁና መድኃኒት ሞላሁበት። ቤቱ ጸድቷል። አሁን ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ሐጃን አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ። ስነካቸው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ።

እኚህን ሴትዮ ታስታውሳቸዋለህ? ፖሊስ በከሻ አፍሶህ የታሰርክ ቀን በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ጣቢያ ድረስ ሄደው «ልጄ ነው፣ ልጄን ስጡኝ» ብለው ያስፈቱህ ናቸው። አሁን ምን እንደሚሉኝ ልንገርህ? «ቀደር ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፤ አላህ የጻፈው ነው። በላይነህ ግን እንዳይሰማ። በሰው አገር ብቻውን ነው፣ ይደነግጣል።» በየሰላቱ ስምህን ጠርተው ይለምኑልሃል። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

እውነቱን አልነገርኳቸውም። ላንተ አዝኜ እንዳይመስልህ። ካንተው አፍ መስማት ስለሚገባቸው ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሰው ነገ ይነሣል፤ ሳምንት ሳይሞላ እጅህ ይገባል። ጥቅምት 18 ዓርብ ነው። እስከዚያ ስልካቸውን ትራሳቸው ሥር አኖረዋለሁ። ደውልና «አውቅ ነበር» በላቸው። ሰበብ አትደርድር፤ እንዳታለቅስባቸውም፣ አንተን ማባበል ይጀምራሉ። ካልደወልክ ቅዳሜ ጠዋት እኔ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ወንድም አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው መልሱን ያገኛል።

እስከ ዓርብ ድረስ እህትህ፣
ትርንጎ